ሥራ የበዛበት ሥራ ፈት

ጥር 6፣ ሰኞ

ፋብሪካ ያልሄድኩበት የመጀመሪያው ሰኞ። ቢሆንም በተለመደው ሰዓት ተነሳሁ፣ ጢሜን ተላጨሁ፣ ሸሚዜን ለበስኩ። ከዚያ የት እንደምሄድ ጠፋኝና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

የጠርሙስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። ወረቀት ላይ የጥራት ተቆጣጣሪ ይለኛል፤ እኛ ግን እርስ በርሳችን "ተመልካች" ነበር የምንባባለው፣ ምክንያቱም ሥራችን ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ጠርሙሶቹ በነጭ መብራት ፊት ተሰልፈው ያልፋሉ፤ የተሰነጠቀውን፣ አረፋ የቋጠረውን፣ አንገቱ የተጣመመውን እየነቀስን እናወጣለን። አሁን ካሜራ ገዙ። ካሜራው ሻይ አይጠጣም፣ አያስነጥስም፣ ስለ ጉልበቱም አያማርርም። አለቃችን ሲያሰናብቱን "በእናንተ ሥራ ቅሬታ ኖሮን አይደለም" አሉ። ቅሬታ ቢኖራቸው ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ የምከራከርበት ነገር አገኝ ነበር።

ልጄ ወደ ኮሌጅ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ፋርማሲ ነው የምትማረው፣ ሁለተኛ ዓመቷ ነው።

"አባዬ፣ ዛሬ ምን ልትሠራ አሰብክ?"

"ብዙ ነገር" አልኳት። ካልኩት በኋላ እኔም አመንኩት። እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አይደለሁም። ቀኔን እንደ ፋብሪካው በፈረቃ ከፋፍዬ እይዛለሁ፤ ጠዋት ጊታር፣ ከምሳ በኋላ ቼዝ፣ ማታ ተከታታይ ድራማ። ጊታሩን ፀጉር አስተካካዩ ያውሰኛል፤ ግድግዳው ላይ አቧራ ሲጠጣ ዓመቱ ነው። ሥራ እስኪገኝ ድረስ ነው እንግዲህ።

ጥር 9፣ ሐሙስ

ጊታር። ጣቶቼ አብጠዋል። ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ።

ጥር 15፣ ረቡዕ

ቼዝ የምጫወተው ከላይኛው ፎቅ ከሚኖረው ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ጋር ነው። ሰፈርተኛው "ጄኔራል" ይለዋል፣ ወደ ኋላ መመለስ ስለማያውቅ። ንግሥቱ ተከባ እንኳ ወደ ፊት ነው የሚገፋው። መኪናም እንዲህ ከነዳ ጡረታ መድረሱ ይገርመኛል።

"ሥራ ማፈላለግ ጀመርክ ወይ?" አለኝ።

"እያየሁ ነው።"

"ማየትማ ሙያህ ነው!" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍኩ፤ ሐሳቤ ተበትኖ ነው።

ጥር 25፣ ቅዳሜ

ልጄ ከውጭ ስትመለስ አንድ ፌስታል ሙሉ ክብሪትና ሁለት ጠርሙስ ሙጫ ይዛልኝ መጣች። ሰዎች በክብሪት እንጨት ቤት ሲሠሩ በስልኳ አይታ ነው። "ለአንተ ዓይን የሚሆን ሥራ ነው" አለችኝ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ለእኔ ማሰብ የእሷ ድርሻ ሆኗል። ያኔ፣ የቀብሩ ሰሞን፣ ትንሽ ደክሞኝ ነበር፤ አሁን ግን ደህና ነኝ። ይህንንም ነገርኳት። "አውቃለሁ" አለች።

የእንጨቶቹን ራስ እየቆረጥኩ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ምን እንደምሠራም ወስኛለሁ፤ የእሷን ኮሌጅ፣ ከነዓምዶቹ። በልደቷ ቀን እዚያው ድረስ እወስድላታለሁ። ከፋብሪካ ከወጣሁ ወዲህ ይህን ያህል ተደስቼ አላውቅም።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

ልጄ አሁን ገና ሳይነጋ ነው የምትወጣው። አዲሱ ተርም ከላቦራቶሪ ይጀምራል አለችኝ። ጎበዝ።

ዓምዶቹ አልቆም ብለውኛል።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

ጥቁር ቀሚሷ ላይ፣ ከጉልበቷ በላይ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ አየሁ። በረኪና የበላው ጨርቅ ይመስላል። "ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት። "ኬሚካል ነው አባዬ፣ ላቦራቶሪ።" ጋዋን አይሰጧችሁም ወይ ብዬ ኮሌጁን ስኮንን ቆየሁ። እሷ ሰማችኝና "ድራማው ጀምሯል" አለችኝ። እውነትም ጀምሮ ነበር። ያቺ እንደሞተች የተነገረላት ሴትዮ ተመልሳ መጥታለች።

የካቲት 17፣ እሑድ

እትዬ መጣች። ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም እንደ መርፌዋ ነው። ገና ሳትቀመጥ ጊታሩን፣ የቼዙን ሰሌዳ፣ ጠረጴዛውን የሞላውን የክብሪት እንጨት በዓይኗ ሰበሰበችው።

"ሥራ ፈት ሆነህ ሥራ የበዛብህ አንተን አየሁ!"

ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባች። ደንበኛዋ የመጠጥ መጋዘን ያስተዳድራል፤ ሳጥን የሚያወርድና የሚደረድር ሰው ይፈልጋል፤ ስለ እኔ ነግራዋለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ልሂድ።

"እትዬ፣ እኔ ተመልካች ነኝ እንጂ ተሸካሚ አይደለሁም" አልኳት። "ደግሞ ቅዳሜ የቼዝ ውድድር አለብኝ። ተመዝግቤያለሁ።"

"የምን ውድድር?"

"የወጣት ማዕከሉ።"

"ዕድሜህ ስንት ነው አንተ?"

ወጥ ቤት የነበረው የሳህን ኳኳታ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። እትዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ይቺን ልጅ ተመልከታት እስቲ፣ ፊቷ እንዴት ሆኗል?" አለችኝ። ፈተና ስላለባት ነው አልኳት። ፈተና እንዳለባት ልጄ ነግራኝ ነበር? የነገረችኝ ይመስለኛል።

የካቲት 23፣ ቅዳሜ

ሦስተኛ ወጣሁ! ከእኔ በላይ የጨረሱት ሁለቱ ገና ጢም ያላበቀሉ ናቸው፤ ከአዋቂዎቹ አንደኛ ነኝ ማለት ነው። ጄኔራሉ በመጀመሪያው ዙር ወድቆ በደጋፊነት ቀረ። ልጄ ዘግይታም ቢሆን ደረሰች፤ ጫማዋ እርጥብ ነበር፣ ዝናብ ግን አልዘነበም። ከሁሉ አብልጣ አጨበጨበች። ስታጨበጭብ መዳፏን ሳይሆን ጣቶቿን ነበር የምታጋጨው።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ደወለች። አላነሳሁትም።

የካቲት 29፣ ዓርብ

አንዳንድ ነገሮች። ዘይቱ አያልቅም፤ ይገርመኛል። ከፋብሪካው የተሰጠኝ ካሳ እንደዚህ የሚበረክት አይመስለኝም ነበር። ልጄ ሸመታ ታውቅበታለች፣ እናቷም እንዲሁ ነበረች።

ሌላ። ብርድ ልብሴን አጥፋ አስቀምጣልኝ አየሁት፤ አራቱም ማዕዘን ልክ ለልክ፣ አንድ ጠርዝ እንኳ ሳይወጣ። እንደዚያ የታጠፈ ነገር ሳይ ደስ ይለኛል፣ የሙያ ነገር ነው። "ይሄን አጣጠፍ ከየት ተማርሽው?" ስላት "ከስልክ" አለች።

ዛሬ ጄኔራሉን ስለ ሥራዬ ሳጫውተው ነበር። አንድ ተመልካች ከግማሽ ሰዓት በላይ አንድ ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ ሌላው ይቀይረዋል። ለምን ቢባል፣ ዓይን ሲደክም አይጨልምም፤ ሁሉንም ደህና ነው ማለት ይጀምራል። የተሰነጠቀው ያልፋል፣ አንተም እያየኸው ነው። አዲስ የገቡ ልጆች አይገባቸውም ነበር፤ ገና አልደከመኝም እያሉ ወንበሩን አይለቁም። ጄኔራሉ እንግዲህ ሚስቱን ማንም ሳይቀይረው ስንት ዓመት እንዳያት ሊነግረኝ ጀመረ።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

ድራማውን እያየን ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኛች። እጇ ጭኔ ላይ ነበር። መዳፏ ቀልቷል፤ የጣቶቿ ጫፍ ውሃ ውስጥ እንደቆየ ተጨማዷል፤ በአውራ ጣቷ ሥር ቆዳው ተሰነጣጥቋል። ድምፁን ቀነስኩ።

ቅባት መግዛት አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ሌላ ነገርም ላስብ ነበር። ከዚያ ያ ወንድሙን የካደው ሰውዬ ገባና ታሪኩ ያዘኝ።

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

የኮሌጁ ጣሪያ አለቀ። በሩም ይከፈታል ይዘጋል። ልደቷ ማክሰኞ ነው። እስከዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል፣ ማንም ስንጥቅ አያገኝበትም።

መጋቢት 17፣ ማክሰኞ

ላቦራቶሪ የለም። ማለቴ አለ፤ እሷ የለችበትም። ማታ እጽፋለሁ።

ማታ

ሞዴሉን በካርቶን አቅፌ ኮሌጁ ደረስኩ። ጥበቃው ራሱ አድንቆት፣ ላቦራቶሪው በየት በኩል እንደሆነ አሳየኝ። ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች በር ላይ ቆመው ነበር። አንዷን አወቅኳት፤ አንድ ጊዜ ቤታችን መጥታ አብረው አጥንተዋል። ስታየኝ ዓይኗ ፈጠጠ።

"አባባ! ተሻለዎት እንዴ?"

"ከምኑ?" አልኩ።

ልጅቷ ተደናገጠች። ወደ ጓደኞቿ አየች፣ ወደ እኔ አየች። "አይ... አልጋ ላይ ናቸው ብላን ነበር። አባቴን ላስታምም ብላ ትምህርቱን ስታቋርጥ እኛም አዝነን... ለመድኃኒትዎ ብላ አይደል ያ ትልቁ ሆቴል ላውንደሪ የገባችው?"

ልጆቹ ሁሉ ያዩኛል፤ ከአልጋ የተነሳ በሽተኛ እንደሚታይ፣ በርኅራኄ። "ተሽሎኛል" አልኩ። "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።"

ከዚያ ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ጸሐፊዋ ትሁት ሴት ናት። የማቋረጥ ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ ተርም ብቻ ነው አለችኝ። ምዝገባው ሚያዝያ 1 ያበቃል፤ እስከዚያ ካልተመለሰች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል፣ ተመልሳ መግባት የለም። "ጎበዝ ተማሪ ነበረች እኮ አባቴ" አለችኝ። ነበረች።

ካርቶኑን ጥበቃው ጋ ትቼው ወጣሁ።

ልጄ ማታ በሰዓቷ መጣች። "ላቦራቶሪ እንዴት ነበር?" አልኳት። ለምን እንደጠየቅኳት አላውቅም። "ደክሞኛል፣ ግን ደስ ይላል" አለች፤ "አንተስ? ኮሌጁ አለቀ?" "ትንሽ ቀርቶታል" አልኳት። መልካም ልደት ብያት ድራማችንን አየን። ሁለት ውሸታሞች፣ አንድ ሶፋ ላይ።

መጋቢት 19፣ ሐሙስ

መጋዘኑ ሄድኩ። ያ ሳጥን የማውረድ ሥራ ከተያዘ ቆይቷል። እትዬ ጋ ደወልኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ አልሰደበችኝም።

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

ሆቴሉ ጋ ሄድኩ። በዋናው በር ሳይሆን በጓሮው፣ እንፋሎት በሚተፋው መስኮት በኩል። አየኋት። ከሌላ ሴት ጋር የረጠበ አንሶላ ጫፍና ጫፍ ይዘው ሲጠመዝዙ፣ ክንዷ ሲንቀጠቀጥ። ደግሞ ትስቃለች፤ ጓደኛዋ የሆነ ነገር ብላት ይሆናል። ቤት እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጄ ወደ ውስጥ ስትገባ ጠብቄ ኃላፊዋን አነጋገርኳት። አንሶላ ማሽኑ ውስጥ የሚጭን ሰው ጀርባው ተጎድቶ ከወጣ ሳምንቱ ነው።

"ከባድ ነው ወንድሜ" አለችኝ፣ ከላይ እስከ ታች እያየችኝ። "ከዚህ በፊት ምን ነበር የምትሠራ?"

"ጠርሙስ አያለሁ።"

"እዚህ የሚታይ የለም፤ የሚነሳ እንጂ።"

"አነሳለሁ" አልኳት። ሰኞ ና አለችኝ።

መጋቢት 22፣ እሑድ

ልጄ ሸሚዜን እየተኮሰች ነበር። እንዴት እንደምጀምር ቀኑን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ውዬ፣ በመጨረሻ የወጣኝ ይሄ ነው፦ "የላውንደሪው ኃላፊ ነገ ና ብላኛለች።"

ካውያው ባለበት ቆመ። የጨርቅ መቃጠል ሸተተኝ። "ሸሚዙ" አልኳት። አነሳችው።

"ማን ነገረህ?"

"ጓደኛሽ። ለነገሩ እኔም ተሽሎኛል" አልኩ፣ ልቀልድ ብዬ። አልሳቀችም።

"ለምን ሄድክ? እኔን ብለህ ነው ወይስ የክብሪት ቤትህን ልታሳይ?"

ዓይኔን ወደ ተቃጠለው ሸሚዝ አዞርኩ።

"ጠርሙስ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የምታይ ሰውዬ! ይሄን እጅ አላየኸውም?" እጇን ፊቴ ዘረጋችው። አላየሁም ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም።

"አይተኸዋል" አለች።

"አይቼዋለሁ።"

ካውያውን ነቅላ ተቀመጠች። ስትናገር ጩኸቷ ጠፍቶ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "እማዬ የሞተች ጊዜ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ስትተኛ ውሃ በማንኪያ ያጠጣሁህ እኔ ነኝ። ትንሽ ደክሞኝ ነበር ትላለህ። ትሞትብኝ ነበር እኮ! ፋብሪካው ሲያስወጣህ ያው ሊመጣ ነው ብዬ ሌሊት ሌሊት በርህ ላይ ቆሜ ትንፋሽህን እሰማ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ጊታሩን ይዘህ ስታፏጭ ሰማሁህ። እሺ አልኩ። ያፏጭልኝ፤ ሌላው በእኔ ይሁን አልኩ።"

አጠገቧ ሄጄ መቀመጥ ፈለግኩ።

"ተመለሺ" አልኳት። "እስከ ሚያዝያ 1 ጊዜ አለሽ። እኔ እሠራለሁ።"

"ቀኑንማ አውቀዋለሁ። አንተ ግን ሳምንት ሳትቆይ ጀርባዬን ብለህ ብትቀርስ? እትዬ ያመጣችልህን ሥራ ሰምቻለሁ፣ ወጥ ቤት ነበርኩ። ተሸካሚ አይደለሁም አልካት።" ተነሳች። "አላውቅም አባዬ። አስብበታለሁ።"

መጋቢት 23፣ ሰኞ

ሙቀት። እርጥብ አንሶላ የሰው ያህል ይከብዳል። ስሕተት ሠራሁ፤ ነጩ ውስጥ አንድ ቀይ ፎጣ ጨምሬ ሙሉ ማሽን ሮዝ ሆነ። እኔ! ኃላፊዋ "ጠርሙስ አያለሁ አላልከኝም?" አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። ልጄ ከማጠፊያው ክፍል ሰምታለች።

መጋቢት 25፣ ረቡዕ

በአንድ አውቶቡስ ሄደን በአንድ አውቶቡስ እንመለሳለን። ጎን ለጎን አንቀመጥም። ጄኔራሉ ማታ ሰሌዳውን ይዞ መጣ፤ ጨዋታው ገና ሲጀመር እንቅልፍ ወሰደኝ። አሸነፍኩህ ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል።

መጋቢት 27፣ ዓርብ

ጀርባዬ። ዛሬ በጎን እንኳ መነሳት አቃተኝ። አልሄድም ብዬ ወስኜ ነበር፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ምን ይሆናል? ልጄ ጫማዋን አጥልቃ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ተነስ አላለችም፣ ቅርም አላለችም። እሷ እንዳሰበችው ልሆንላት ነው ብዬ ፈራሁ። ካልሲዬን ለማጥለቅ ብቻ የወሰደብኝን ጊዜ አልናገረውም። ሄድኩ።

መጋቢት 28፣ ቅዳሜ

ሻይ ሰዓት ላይ ከሴቶቹ አንዷ ጮክ ብላ ጠየቀቻት፦ "ይሄ ሰውዬ አባትሽ ነው አሉ፣ ታሞ አልነበረም እንዴ?"

ልጄ አንሶላውን አጥፋ ጨረሰች።

"እየተሻለው ነው" አለች።

መጋቢት 30፣ ሰኞ

ነገ የምዝገባው መጨረሻ ነው። አልጠየቅኳትም። የመጠየቅ መብት ያለኝ አይመስለኝም። ማታ የሥራ ቀሚሷን አጥባ ስታሰጣ አየሁ፤ ያውም ለነገ እንዲደርስላት በካውያ አደረቀችው። እንግዲህ መልሷ ይሄው ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ያቺ ጸሐፊ "ነበረች" ያለችው ከጆሮዬ አልወጣም አለ።

ሚያዝያ 1፣ ማክሰኞ

በምሳ እረፍት፣ ማሽኑ ጥግ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ጠዋት አብረን ወጣን። ያንኑ ቀሚስ ለብሳለች፣ ያንኑ ቦርሳ ይዛለች። ወደ ሆቴሉ የሚሄደው አውቶቡስ በእኛ በኩል ነው የሚቆመው፤ ወደ ኮሌጁ የሚሄደው ማዶ ነው። ተሰልፌ ዞር ስል ከኋላዬ የለችም። መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆማ መኪናዎቹ እስኪያልፉ ትጠብቃለች። ከዚያ ተሻገረች፤ ተማሪዎቹ መሀል ገብታ ቆመች።

እኔ ደረቅኩ። ከኋላዬ የነበሩት አልፈውኝ ገቡ፣ አንዱም በክርኑ ገፋኝ። ከእሷ ላይ ዓይኔን ባነሳ ተመልሳ የምትሻገር መሰለኝ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እሷም ሰማችው መሰለኝ ቀና አለችና አየችኝ፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ከማዶ ጮኸችብኝ።

"አባዬ! ምን ቆመሃል? ሥራ ይረፍድብሃል!"

ሮጥኩ።